ሳይነገራት የደረሰች ልጅ፦ የወር አበባ ዕውቀትና ንጽህና በኢትዮጵያ ታዳጊ ሴቶች ዘንድ

አንዲት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ ሰውነቷ ላይ የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ የነገራት ሰው ነበር ወይ? ይህ ዳሰሳ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ጉዳዩ የእናትና የልጅ፣ የጓዳና የመኝታ ቤት ምሥጢር ተደርጎ ለብዙ ዘመን ተከድኖ ኖሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የአገራችን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች መጠይቅ ይዘው ከነቀምቴ እስከ ጌዴኦ፣ ከጎንደር ገጠር እስከ ትግራይ ድረስ በየትምህርት ቤቱ ገብተው ጠይቀዋል። ዛሬ በእጃችን ያለው መረጃ ፍርድ ለመስጠት ይበቃል። ልጃገረዶቻችን ምን እንደሚያውቁ፣ ከማን እንደሰሙ፣ በምን እንደሚጠቀሙ፣ ትምህርት ቤቱ ምን እንዳዘጋጀላቸው፣ ሕጉና ገበያው ምን እንዳደረጉላቸው በየተራ እንመልከት።

ሰውነት የሚሠራው ሥራ

በሰሜን ጎንደር በደባትና በቆላ ድባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ግማሾቹ ልጃገረዶች የወር አበባ ያዩበትን ዕድሜ 14.8 ዓመት ላይ አስቀምጦታል። ይህ መካከለኛው ዕድሜ ነው፤ በ11 እና በ12 ዓመቷ የምታይ አለች፣ 16 ዓመት ሞልቷትም ገና የምትጠብቅ አለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየወሩ ማኅፀን ጽንስ ቢመጣ የሚቀበልበትን ለስላሳ ሽፋን ያዘጋጃል። ጽንስ ካልተፈጠረ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ ሽፋኑም ተላቆ ከደም ጋር ይወጣል። መፍሰሱ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። በጠቅላላው የሚወጣው ደም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ዑደቱ 21 ቀንም 45 ቀንም ሊሆን ይችላል፤ ሰውነት ሥርዓቱን እስኪይዝ ድረስ ወር መዝለሉ የሚጠበቅ ነው።

ይህን የምታውቅ ልጅ ሁለት ወር ቢዘገይባት አትደነግጥም። የማታውቀው ግን ስትዘገይ አረገዝኩ ብላ ትጨነቃለች፣ ሲመጣ ታመምኩ ወይም ተጎዳሁ ብላ ታለቅሳለች። አለማወቅ በሌላም በኩል ይጎዳል። ደም ከሰባት ቀን በላይ ሲፈስ ወይም ሞዴስ በየሰዓቱ እየራሰ ሲያስቸግር ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ጤናማው ምን እንደሆነ ያልተነገራት ልጅ ግን «የሴት ዕጣ ነው» ብላ ዝም ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 ከመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። የደም ማነስ ብዙ ምክንያት አለው፤ ከልክ ያለፈ የወር አበባ ደም አንዱ ነውና የልጅቷ ዝምታ በጤናዋ የሚከፈል ነው።

ምን ያህል ያውቃሉ?

በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ 595 ተማሪዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት፣ ስለ ወር አበባና ስለ አያያዙ ዕውቀት አላቸው ያላቸው 51 ከመቶውን ብቻ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ የወጣው፣ በነቀምቴ ከተማ 828 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠራው ጥናት 60.9 ከመቶዎቹ ጥሩ ዕውቀት እንዳላቸው፣ ንጽህናቸውን በተገቢው መንገድ የሚጠብቁት ግን 39.9 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የጌዴኦ ዞን ጥናት ደግሞ ከ791 ተማሪዎች 68.3 ከመቶ የሚሆኑት ዕውቀታቸው ዝቅተኛ፣ 60.3 ከመቶ የሚሆኑት አያያዛቸው ደካማ ነው ብሏል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ማጠቃለያ በአገሪቱ የተሠሩ 22 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ 12,330 ታዳጊዎችን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ፣ ጥሩ የንጽህና አያያዝ ያላቸው 52.69 ከመቶ መሆናቸውን አስልቷል። በአጭሩ ከሁለት ልጆች አንዷ ብቻ ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ጥናቶች «ጥሩ ዕውቀት» የሚሉት ለተዘረዘሩ ጥያቄዎች ከተጠያቂዎቹ አማካይ በላይ የመለሰችውን ነው። አማካዩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የነቀምቴን 60 እና የሌላውን ከተማ 50 ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አያስኬድም። ከሁሉ በላይ ግን መጠይቆቹ ልጅቷ ዛሬ የምታውቀውን ይለካሉ። የመጀመሪያው ደም የመጣ ቀን ታውቅ ነበር ወይ የሚለው ዋናው ጥያቄ ሆኖ ሳለ፣ በየጥናቱ ጥግ ላይ ተጥሎ ይገኛል።

የነቀምቴው ጥናት ግን የሚያስተምረን ሌላ ነገር አለ። በዕውቀትና በተግባር መካከል ያለው ክፍተት 21 ነጥብ ነው። ያ ክፍተት በስንፍና የመጣ አይደለም። ውሃ በሌለበት፣ ሞዴስ መግዣ ገንዘብ በማይገኝበት፣ የታጠበ ጨርቅ በግላጭ ማስጣት በሚያሳፍርበት ቦታ ማወቅ ብቻውን እጅ አያስታጥብም።

ማን ነገራት?

በአብዛኞቹ ጥናቶች ቀዳሚዋ የመረጃ ምንጭ እናት ናት፤ እህት፣ ጓደኛና መምህር ይከተላሉ። ከ22ቱ ጥናቶች ማጠቃለያ ጎልተው የወጡት ምክንያቶችም ይህንኑ ያጠናክራሉ፦ እናቷ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀች፣ ራሷ 10ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ የደረሰች፣ ስለ ጉዳዩ በቂ ዕውቀት ያላት ልጅ ንጽህናዋን የመጠበቅ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው።

ይህ ግኝት ሲመረመር የሚያሳዝን ነገር አለው። ልጅቷ 10ኛ ክፍል ስትገባ ብዙውን ጊዜ የወር አበባ ማየት ከጀመረች ቆይታለች። ስለዚህ ዕውቀቱ የሚደርሳት ብቻዋን ደንግጣ፣ ብቻዋን ጨርቅ ቀዳ አጥባ፣ ከጓደኛ የተባለውን ሁሉ እውነት ብላ ከያዘች በኋላ ነው። በገጠር ዘግይተው ትምህርት የሚጀምሩ ልጆች ደግሞ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ሳሉ ይደርሳሉ። የሥነ ሕይወት መጽሐፉ የመራቢያ አካላትን ምዕራፍ ሲከፍት ብዙዎቹ አልፈውታል፤ ምዕራፉ ሲደርስም ወንዱ መምህር አፍሮ «በቤታችሁ አንብቡት» ብሎ የሚያልፍበት ክፍል ጥቂት አይደለም።

እናቶችን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ብዙዎቹ የራሳቸው እናት አልነገረቻቸውም። ልጃቸው ደሟን ስታይ የሚሏት «ከእንግዲህ ከወንድ ራቂ» የሚል ብቻ ይሆናል። ምክሩ ከፍቅርና ከሥጋት የመጣ ነው፤ ልጅቷ ግን ከእሱ የምትይዘው ፍርሃቱን እንጂ የሰውነቷን ዕውቀት አይደለም። አባትም ከዚህ ወሬ ውጪ ተደርጓል። የቤቱን ወጪ የሚይዘው እሱ በሆነበት ቤት፣ የሞዴስ መግዣ ብር ለመጠየቅ ልጅቷ ሌላ ምክንያት ትፈጥራለች፤ ደብተር አለቀብኝ ትላለች።

እምነት፣ ባህልና ዝምታ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም። በእስልምና ሴቲቱ በእነዚህ ቀናት ከሶላት ነፃ ናት፤ የረመዳንን ጾም ደግሞ በኋላ ትተካለች። ቤተ እስራኤላውያን በኢትዮጵያ ሳሉ በኦሪት ዘሌዋውያን ሥርዓት መሠረት ሴቲቱ ከመንደሩ ጥግ ባለች የመርገም ጎጆ እስክትነጻ ትቆይ ነበር፤ ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ በአፓርታማ ኑሮ ጎጆው ቀርቶ፣ ብዙ ቤተሰቦች በአንዲት ክፍል ወይም በተለየ መኝታ መራቅን ተክተውበታል።

ሃይማኖታዊ ሥርዓትን ከጤና ጋር ማጋጨት አያስፈልግም። ብዙ ሴቶች ሥርዓታቸውን በፈቃዳቸውና በክብር ይጠብቃሉ። ችግሩ የሚነሣው ሥርዓቱ ሳይብራራ ለልጅ ሲተላለፍ ነው። «ቤተ ክርስቲያን አትግቢ» ብቻ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ ራሷን እንደ ኃጢአተኛ ትቆጥራለች። ንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ኡስታዝ «ይህ ፈጣሪ የሰጠው የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፣ በደል የለብሽም» ቢላት ከማንኛውም በራሪ ወረቀት የበለጠ ይሰማል። ደም ለ12 ዓመት ይፈሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ ከወንጌል የማያውቅ ምእመን የለም፤ ያ ታሪክ ከዐውደ ምሕረት ሲሰበክ ለልጃገረዶች የሚሆን ቃል ከውስጡ ማውጣት የሰባኪው ፈንታ ነው።

ከሥርዓቱ ይልቅ የሚጎዱት ከየትም ያልመጡ እምነቶች ናቸው። በአንዳንድ የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች የመጀመሪያው ደም የሚመጣው ከወንድ ጋር በመተኛት ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። በዚህ የተነሣ ልጅቷ ደሟን ስታይ ለእናቷ መንገሯ ራሷን መክሰስ ይሆንባታል። በሌላም በኩል «ደርሳለች» ማለት «ለትዳር ደርሳለች» ማለት ሆኖ ይወሰዳል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ካደረገ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ደሟን የምትደብቅ ልጅ ትምህርቷን ለማትረፍ ነው የምትደብቀው።

ጨርቅ፣ ሞዴስና ፀሐይ

በከተማ ሱቅ ውስጥ አንዲት ተማሪ ሞዴስ ስትገዛ የሚሆነውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙ ይማራል። ሌሎች ገዢዎች እስኪወጡ ትጠብቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንዳንዴም በጣቷ ጠቁማ ትጠይቃለች። ባለሱቁ ሳይነገረው በጋዜጣ ይጠቀልልና በጥቁር ፌስታል ያስገባላታል። ዳቦና ሳሙና ግን በግልጽ ይዘው የሚወጡት ዕቃ ነው።

በገጠር የሚበዛው ጨርቅ ነው፤ ከአሮጌ ቀሚስ ወይም ከነጠላ የተቀደደ። ጨርቅ በራሱ ነውር የለበትም። በሳሙና በደንብ ከታጠበ፣ በፀሐይ ከደረቀ፣ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ከተለወጠ ያገለግላል። ጉዳቱ ከአያያዙ ይመጣል። በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ እየታጠበ የሚደጋገም ጨርቅ የሚጠቀሙ ሴቶች የሚጣል ሞዴስ ከሚጠቀሙት ይልቅ የብልትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንደሚበዛባቸው አሳየ። በዚያው አካባቢ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ጥናት ምክንያቱን ጠጋ ብሎ መረመረ፦ ጨርቃቸውን በቤት ውስጥ የሚያደርቁትና በሽንት ቤት ደብቀው የሚያስቀምጡት ሴቶች ላይ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ጎልቶ ተገኘ።

ይህ ለእኛም ይሠራል። ልጅቷ ጨርቋን ማታ ታጥባለች፣ በማለዳ ሰው እንዳያየው ከፍራሽ ሥር ወይም ከቆጥ ላይ ትሸጉጠዋለች፤ ደፋር ብትሆን ገመድ ላይ አስጥታ ከላይ ነጠላ ትደርብበታለች። ፀሐይ በነፃ የምትሰጠውን ማድረቂያ ነውር ከልክሏታል። ለእርጥብ ጨርቅ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው «በግልጽ አስጪው» ቢላት ይበቃል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ የወሰደችው ፍሬወይኒ መብራህቱ ናት። በአሜሪካ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምራ ተመልሳ፣ እየታጠበ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ሞዴስ ነድፋ እ.ኤ.አ. በ2006 የፈጠራ መብት አስመዘገበች። በ2009 በመቀሌ የከፈተችውን ፋብሪካ በልጇ ስም ማርያም ሳባ ብላ ሰየመችው። ሠራተኞቿ በአብዛኛው የአካባቢው ሴቶች ሲሆኑ፣ በዓመት 750 ሺህ ያህል ሞዴስ እስከ ማምረት ደርሳ ነበር። ሲኤንኤን በ2019 የዓመቱ ጀግና ብሎ ሲመርጣት፣ ይህ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጓዳ ወጥቶ በዓለም መድረክ ላይ ቆመ። የሥራዋ ትልቁ ቁም ነገር ሞዴሱን ለብቻው አለማደሏ ነው፤ ከሞዴሱ ጋር ለሴቶችም ለወንዶችም ተማሪዎች ማስተማርን አያይዛ ይዛዋለች።

ትምህርት ቤት ምን አዘጋጀላት?

ዩኒፎርሟ ላይ ደም የታየባት ልጅ እንዴት ከክፍል እንደምትወጣ መምህራን ያውቁታል። ደወል ሲደወል ሁሉም ሲሮጥ እሷ ተቀምጣ ትቀራለች። ሹራቧን ወገቧ ላይ ታስራለች፣ ጓደኛዋ ከኋላዋ ተጠግታ ትሄዳለች። ሽንት ቤት ሲደርሱ በሩ መቀርቀሪያ ስለሌለው ጓደኛዋ ደጁን ይዛ ትቆማለች። ውስጥ ውሃ የለም፣ የተጠቀመችበትን የምትጥልበት ቅርጫትም የለም። ልጅቷ ምርጫዋ ሁለት ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ መጣል ወይም በፌስታል ቋጥራ በቦርሳዋ ይዛ መመለስ። ብዙዎቹ ሦስተኛውን ይመርጣሉ፦ ቤት መቅረት።

በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያው ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎች በወር አበባ ቀናት ከትምህርት ቤት እንደሚቀሩ ተናግረዋል። ሞዴስ የማይጠቀሙት የመቅረት ዕድላቸው ከሚጠቀሙት በአምስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። 58 ከመቶው የወር አበባ ካዩ ወዲህ ውጤታቸው እንደወረደ ገልጸዋል።

እዚህ ላይ ሌላውን ወገን መስማት ተገቢ ነው። በኔፓል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ልጃገረዶቹን በቃላቸው ከመጠየቅ ይልቅ መገኘታቸውን በየቀኑ መዝግቦ፣ በወር አበባ ምክንያት የሚቀሩት በዓመት ከግማሽ ቀን እንደማይበልጥ አገኘ። ደሙን ከውስጥ የሚቀበል የወር አበባ ኩባያ መስጠትም መገኘታቸውን አልለወጠም። በኬንያ በቅርቡ የተካሄደ ትልቅ ሙከራም ኩባያው ትምህርት ማቋረጥን አለማስቀረቱን አሳይቷል። በኡጋንዳ ካሙሊ ወረዳ በስምንት ትምህርት ቤቶች የተደረገው ሙከራ ግን ሌላ መልስ ይዞ መጣ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚታጠብ ሞዴስ፣ አንዳንዱ ስለ ጉርምስና ትምህርት፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ሲያገኝ፣ ምንም ባላገኙት ትምህርት ቤቶች የልጃገረዶች መገኘት በ17 ከመቶ ይበልጥ አሽቆለቆለ። በሰሜን ኢትዮጵያ ሞዴስና መጽሔት አብሮ በታደለባቸው ትምህርት ቤቶችም የልጃገረዶች መገኘት ተሻሽሏል።

ውጤቶቹ የሚጋጩ ቢመስሉም አንድ መስመር ይዘዋል። ኩባያ በታደለባቸው በኔፓልና በኬንያ ለውጡ ደካማ ነው፤ ትምህርት የታከለበት ቦታ ለውጥ ታይቷል፤ በኡጋንዳ ትምህርቱ ብቻውን እንኳ ፍሬ አፍርቷል። በተጨማሪም አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ልቧ ልብሷ ላይ ከሆነ በመዝገቡ «ተገኝታለች» ትባላለች፤ ስለ መገኘት የሚቆጥሩ ጥናቶች ይህን አይቆጥሩም።

ሕመሙም ይቆጠር

ስለ ንጽህና ሲነገር ሕመሙ ይረሳል። በደባትና በቆላ ድባው ጥናት 72 ከመቶ የሚሆኑት ልጃገረዶች የወር አበባ ሕመም እንዳለባቸው ተናግረዋል። ሕመሙ የሚመጣው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ማኅፀንን ሲያኮማትር ነው። አይቡፕሮፌን ይህን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ከምግብ በኋላ፣ ሕመሙ ሳይበረታ ሲወሰድ በደንብ ያስታግሳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያመማት ግን ባለሙያ ሳታማክር መውሰድ የለባትም። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ወይም በጠርሙስ ሆድ ላይ ማድረግም ይረዳል። በመድኃኒት የማይበርድ፣ በየወሩ አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ግን የማኅፀን ሽፋን ከማኅፀን ውጪ ማደግን የመሰለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የማኅፀን ሐኪም ይየው። «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው የቤት ምክር ብዙ ልጆችን ለዓመታት ያለ ሕክምና አስቀምጧል።

ቆጠራው ያልደረሰባቸው

እስካሁን የጠቀስናቸው ጥናቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ትምህርት ቤት ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ትምህርት ያቋረጠችው፣ በሰው ቤት በሠራተኝነት ያለችው፣ ከብት የምትጠብቀው ልጅ መጠይቅ አልደረሳትም። ዓይነ ስውሯ ጨርቋ መንጻቱን እንዴት ታረጋግጥ? በዊልቸር የምትሄደው ልጅ ደረጃ ባለው ሽንት ቤት እንዴት ትግባ? ይህን የጠየቁ ጥናቶች ጥቂት ናቸው።

በሶማሌና በአፋር ክልሎች ጉዳዩ ከግርዛት ጋር ይያያዛል። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በሶማሌ ክልል ሴቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ በአፋርም ከአሥሩ ዘጠኙ ተገርዘዋል። በእነዚህ አካባቢዎች በተለመደው የመስፋት ግርዛት የወር አበባ ደም የሚወጣበት መንገድ እጅግ ይጠባል። ደሙ ቶሎ አይወርድም፣ ይጠራቀማል፣ ያቆስላል፣ ሕመሙም ከሌሎች ልጃገረዶች የሚለይ ይሆናል። ለዚች ልጅ ሞዴስ ብንሰጣት ያልተፈታ ሥቃይ ላይ መሸፈኛ ጨመርን እንጂ አልረዳናትም። ለእሷ ንጽህና ማለት ግርዛትን ማስቆምና የተገረዙትን ማከም ነው።

በትግራይ፣ በአማራና በሌሎች ክልሎች በግጭት የተፈናቀሉ ልጃገረዶችም አሉ። ሸራ ድንኳን ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የምትኖር ልጅ ጨርቅ የምትለውጥበት ጥግ የላትም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ሞዴስ፣ ሳሙናና የውስጥ ሱሪ የያዘ መያዣ ያድላል። እርዳታ ሲዘገይ ግን ዱቄትና ዘይት ቅድሚያ ይዘው የሞዴሱ ነገር ወደ ኋላ ይቀራል።

ሕግ፣ ቀረጥና መመሪያ

የጤና ሚኒስቴር የወር አበባ ንጽህና አያያዝን የሚመለከት መመሪያ አዘጋጅቷል። በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት የሚያስተምሩበት መዋቅር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ሞዴስ ላይ ይጣል የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 ወደ 10 ከመቶ አወረደ፤ ይህ ለብዙ ዓመት የተጠየቀ ተገቢ ውሳኔ ነበር።

ሌሎች አገሮች ግን ከዚህ ራቅ ብለው ሄደዋል። ኬንያ ተጨማሪ እሴት ታክስን ከሞዴስ ላይ ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በ2017 ደግሞ ለተማሪዎች በነፃ እንዲሰጥ በሕግ ደነገገች። ሩዋንዳና ደቡብ አፍሪካ በ2019 ታክሱን አነሡ። ስኮትላንድ በ2020 ፓርላማዋ ባጸደቀው ሕግ ለፈለገ ሁሉ በነፃ እንዲገኝ አድርጋለች። የኬንያ ልምድ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ሕጉ ቢወጣም ሥርጭቱ በጀትና ጥሩ አስተዳደር ካላገኘ የገጠር ልጆች ጋ አይደርስም። ለእኛም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ከውጭ ለሚመጣው ቀረጥ መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ የአገር ውስጥ አምራቾች፣ በተለይም የሚታጠብ ሞዴስ የሚሰፉ ትንንሽ የሴቶች ማኅበራት፣ በብድርና በመሥሪያ ቦታ መታገዝ አለባቸው።

ፍርዱ

መረጃዎቹን ደምሬ ስመለከት ሦስት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ትምህርቱ ከደሙ መቅደም አለበት። አብዛኞቹ ከ14 ዓመት በኋላ ቢደርሱም ቀድመው የሚደርሱትን ለመድረስ፣ በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል፣ ከ9 እና ከ10 ዓመት ጀምሮ መነገር ይገባል፤ ወንዶች ልጆችም አብረው ይስሙ፤ የሚያውቅ ወንድም አይሳለቅም። በዚህ ረገድ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ማርኒ ሶመር አነሳሽነት ለኢትዮጵያ ልጃገረዶች የተዘጋጀው የጉርምስና መጽሐፍ ጥሩ ጅምር ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በየቋንቋው በየትምህርት ቤቱ መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ሽንት ቤት ሲሠራ በር፣ መቀርቀሪያ፣ ውሃና መጣያ ካልተካተተ ለልጃገረዶች አልተሠራም ማለት ነው፤ የትምህርት ቢሮዎች ርክክብ የሚያደርጉት እነዚህ አራቱ ከተሟሉ በኋላ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሞዴስ የሚታደለው ከትምህርቱ ጋር ይሁን፤ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ሞዴስ ሲያልቅ ልጅቷ ወደነበረችበት ትመለሳለች።

ከሦስቱ ሁለቱ በጀት ይጠይቃሉ፣ ጊዜም ይፈጃሉ። የመጀመሪያው ግን ዛሬውኑ በእያንዳንዱ ቤት ሊጀመር ይችላል። እናት፣ አባት፣ ታላቅ እህት፣ መምህር ወይም የንስሐ አባት ሁናችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በአጠገባችሁ የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ካለች በዚህ ሳምንት ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯት። ደም እንደምታይ፣ ጤነኛ የመሆን ምልክት እንደሆነ፣ ማንንም እንዳልበደለች፣ ሞዴሱ ወይም ንጹሑ ጨርቅ የት እንዳለ፣ ሲያማት ለማን እንደምትናገር ንገሯት። እናንተ ካልነገራችኋት ብቻዋን ደንግጣ ታገኘዋለች።